ግማሽ ቀን በሳን ሁዋን

ኮሎምበስ ከተማ፣ ሞርስ ሮድ አካባቢ ያለን ሐበሾች ላቀች ወልደየሱስን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ከእኔ አፓርትመንት ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። መኪናዋ አልነሣ ያለ ቀን እኔ ሥራ አደርሳታለሁ፤ የልጆቼ ትምህርት ቤት የተዘጋ ቀን እሷ ታይልኛለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ አፐር አርሊንግተን በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ታገላብጣለች። ቅዳሜ ደግሞ ኒው አልባኒ ሄዳ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ትውላለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣና ስብከቱ መሐል ላይ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ተመስጣ የምትጸልይ ይመስለን ነበር። አሁን ስለምናውቅ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ትከሻውን ጠጋ ያደርግላታል።

ባለፈው የካቲት ሳን ሁዋን የሄደች ዕለት ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ስትመለስም የተቀበልኳት እኔው ነኝ። የሆነውን ገሚሱን መኪና ውስጥ ነገረችኝ። የቀረውን ከዚያ በኋላ፣ ምድር ቤት ልብስ ስናጥብ፣ ቁርጥራጭ እያደረገች አወጣችው።

ዲቪው የደረሳት በራሷ ስም ነው። ባሏ ያኔ ከሞተ ቆይቶ ነበር። ልጆቿ ሁለት ናቸው፤ የአብሥራና ሶልያና። ሶልያና ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። የአብሥራ ግን ሃያ አንድ ዓመት ካለፈው ጥቂት ወራት ሆኖት ስለነበር፣ በሕጉ መሠረት ከእናቱ ጋር መምጣት አይችልም ተባለ። ላቀች ልሂድ ወይስ ዕድሉን ልተወው ብላ ብዙ ከተጨነቀች በኋላ ሕፃኗን ይዛ መጣች። ቦሌ ላይ ሲለያዩ «ትንሽ ቻለው፤ አመጣሃለሁ» አለችው።

ግሪን ካርዷ እጇ እንደገባ በቀጥታ ወደ ጠበቃ ሄደች። ፕሮሰሱ የተጀመረለት «ያላገባ ልጅ» በሚለው መስመር ነው። አንድ ትርፍ መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ተከራየች፤ ለልጇ አልጋ ገዝታም አስገባችበት። ጠበቃው በደወለችለት ቁጥር «ተራው ገና ነው» ይላታል። እንዲህ እየተባለ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አልጋው የታጠበ ልብስ መደርደሪያ ሆነ።

የአብሥራ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ ቢያጣ፣ ባሕር ዳር ባለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ ገብቶ የመርከብ ሞተር መሐንዲስ ሆነና አንድ የውጭ ኩባንያ ቀጠረው። ላቀች መጀመሪያ ስትሰማ ደነገጠች፤ ውሃ ላይ ያለን ልጅ እንዴት አድርጎ ማሰብ እንደሚቻል አላወቀችበትም። ሶልያና ናት መላ ያገኘችላት። ዓለም ላይ ያሉ መርከቦች የት እንዳሉ የሚያሳይ አፕ ስልኳ ላይ ጫነችላት። ከዚያ ወዲህ ላቀች የምሳ ዕረፍቷን ሰማያዊ መደብ ላይ የምትሳብ ትንሽ ቀስት እያየች ታሳልፋለች። አብራት የምትሠራ ሴትዮ ጌም የምትጫወት መስሏት «ማሸነፍ አልቻልሽም እንዴ?» ብላ ጠይቃታለች።

ጥር ላይ የአብሥራ ኮል አደረገላት።

«እማዬ፣ በሚቀጥለው ወር ፖርቶ ሪኮ እንገባለን። ሳን ሁዋን። ኮንቴይነር አውርደን በዚያው ቀን እንነሣለን።»

«የት ነው እሱ?»

«ካሪቢያን ባሕር ላይ ነው፤ ግን የአሜሪካ ግዛት ነው። አንቺ ቪዛ አያስፈልግሽም፤ ከኮሎምበስ ሎስ አንጀለስ እንደመሄድ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የባሕረኛ ቪዛ ስላለኝ መርከቡ ወደብ ላይ እስካለ ድረስ ከተማ እንድወጣ ይፈቀድልኛል።»

«ላይህ ነው?»

«ከቻልሽ።»

ሱፐርቫይዘሯ ዘንድ ሄዳ ዕረፍት ስትጠይቅ ሴትዮዋ መጀመሪያ የሞተባት ሰው ያለ መሰላት። ላቀች ዕረፍት ጠይቃ አታውቅማ። ሶልያና ፈተና ስለነበረባት እኔ ጋ እንድትሰነብት ተስማማን። «ማም፣ ጀስት ጎ» አለቻት ልጅቷ፣ አንገቷን አቅፋ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ዘውዱ በር ላይ አስቆማት። ጋሼ ዘውዱ ጥሩ ሰው ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ሥራ የሚያገኘው በእሱ በኩል ነው። ግን የሁሉንም ሰው ነገር እሱ መጨረስ ይወዳል።

«እህት ላቀች፣ ጌታ በር ከፍቶ እያሳየሽ እኮ ነው» አላት። «ከዚያ ወደዚህ የአገር ውስጥ በረራ ነው። ልጅሽን ይዘሽው ነይ።»

«መርከቡስ ጋሼ ዘውዱ?»

«መርከቡ መንገዱን ይሄዳል።»

«ወረቀቱስ?»

«እዚህ ከገባ በኋላ ሁሉም ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ስንቱ ነው እንዲህ የተስተካከለለት! ዘጠኝ ዓመት ጠብቀሽ ምን አገኘሽ?»

ላቀች ተሰናብታው ሄደች። በጉዞዋ ዕለት ሻንጣዋን መኪናዬ ላይ ስንጭን ግን ዚፑ አልዘጋ ብሎ ስረዳት፣ ከላይ አዲስ የወንድ የክረምት ጃኬት ታጥፎ አየሁ። ሳን ሁዋን ሙቀት ነው። እሷም እንዳየሁ አየች። ዚፑን ጎትተን ዘጋነው።

ኦርላንዶ ላይ አውሮፕላን ቀይራ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። የተከራየችው ክፍል አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚያማት ጉልበቷ እያንዳንዱን ደረጃ ቆጠረው። የቤቱ ባለቤት ስፓኒሽ ብቻ የምትናገር አሮጊት ስትሆን፣ ላቀች ቁና ቁና ስትተነፍስ አይታ ሻንጣውን ልትቀማት ታገለች። በመጨረሻ ሁለቱ እጀታውን ግራና ቀኝ ይዘው አወጡት።

ከተማዋ ታምራለች። ስፔኖች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የቆረቆሯት ናት፤ ዙሪያዋን ወፍራም የድንጋይ ግንብ ከቧታል። ቤቶቿ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ውሃ ሰማያዊ እየተቀቡ በሰልፍ ቆመዋል፤ ከየሰገነቱ አበባ ተንዠርጓል። መንገዷ ዝናብ ሲነካው ሰማያዊ በሚመስል ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ድሮ መርከቦች እንዳይገለበጡ ሆዳቸው ውስጥ ጭነውት የመጡት ነው አሉ። ከትልልቅ የሽርሽር መርከቦች የወረዱ ቱሪስቶች በየማዕዘኑ ፎቶ ይነሣሉ። ላቀች ግን ያንን ሁሉ ያየችው ከሥራ የወጣ ሰው ከአውቶቡስ መስኮት እንደሚያይ ነው። ድንጋዩ እግሯን ያንሸራትታታል፤ ዳገቱ ብዙ ነው። «ቆንጆ አገር ነበር» አለችኝ፤ «ጉልበት ላለው ሰው።»

መርከቡ በማግሥቱ መግባት ነበረበት። አልገባም። አፑ ላይ ቀስቲቱ ከወደቡ ውጭ ቆማ ቀረች። የአብሥራም፣ ወደቡ ውስጥ ለመርከቡ ማሳረፊያ ቦታ ስላልተገኘ ባሕር ላይ መልሕቅ ጥለው እየጠበቁ መሆናቸውን ጻፈላት። ላቀች እየጠየቀች ኤል ሞሮ ወደሚባለው ትልቁ ምሽግ ሄደች። ምሽጉ ወደቡ አፍ ላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው የተሠራው፤ ወደ ከተማይቱ የሚገባ መርከብ ሁሉ በሥሩ ነው የሚያልፈው። ፊት ለፊቱ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ፤ ነፋሱ የማያቋርጥ ስለሆነ ቤተሰብ እየመጣ በክር የታሰረ ካይት ወደ ሰማይ ይለቃል። ግንቡ ላይ ቆማ ስታይ ከሩቅ፣ ሰማይና ውሃ ከሚገናኙበት ወዲህ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ትታያለች። አፑን አየች። እሷው ናት።

ነጭ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከፍ አደረገችና ደወለች።

«የአብዬ፣ ግንቡ ላይ ቆሜያለሁ። ነጭ ጃንጥላ ይዣለሁ። ይታይሃል?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሞተር ክፍል ነው የምሠራው። ከውሃው በታች ነው፤ መስኮት የለውም። አሁን ስልክ ለማንሣት ነው ብቅ ያልኩት፤ ያለሁበት ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ነው የሚያሳየው።»

«ታዲያ አንድ ጊዜ ወደዚህኛው ጎን ብትዞር?»

«ጄኔሬተር ተበላሽቶብናል፤ እየጠሩኝ ነው። ነገ እንገባለን።»

ጃንጥላውን አጠፈችው። ነፋሱ ሁለት ዘንጎቹን ሰብሮባት ነበር።

በማግሥቱም አልገቡም። ያን ቀን ላቀች ለቁርስ ብላ ተነሥታ፣ ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ልታጠልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የቱ ሺፍት እንዳለፈባት ማስታወስ አቅቷት ያለችበትን እስክታውቅ ድረስ ክፍሉ መሐል ቆመች። አሮጊቷ በሩን አንኳኩታ ሾርባና ዳቦ አስገባችላት። ቀኑን ሙሉ ሳትወጣ ስለቀረች የታመመች መስሏት ነው፤ በመዳፏ ግንባሯን ነካቻት። «ስንት ዓመት ነው ሰው እንደዚያ ነክቶኝ የማያውቀው» አለችኝ ላቀች። «የምነካው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው።»

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻዋ ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት በረራ አላት። ማለዳ አፑን ስትከፍት ቀስቲቱ ተነሥታለች። ላቀች ጉልበቷን እየጎተተች ግንቡ ጋ ደረሰች። መርከቡ ቀስ ብሎ መጣ፤ ሲቀርብ ተራራ አከለ። ከሥሯ ሲያልፍ ዝገቱ ሳይቀር ይታያል፤ ብርቱካንማ ቱታ የለበሱ ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ አየች። አንዱ እጁን አውለበለበላት። እሷም አውለበለበች፤ ልጇ ግን አልነበረም። ልጇ ከእነዚያ ሰዎች እግር ሥር፣ ሞተሩ አጠገብ እንዳለ ታውቃለች። መርከቡ እስኪታጠፍ ድረስ የታችኛውን ጎኑን፣ ውሃ የሚነካውን፣ ስታይ ቆየች።

የተገናኙት እኩለ ቀን ገደማ፣ የድሮው የከተማ በር አጠገብ ነው። በሩ ቀይ የተቀባ፣ ግንቡን ሰንጥቆ ከባሕሩ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ትልቅ በር ነው። በጥንት ጊዜ ከመርከብ የወረደ ሰው በዚያ ገብቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ በሰላም ስለደረሰ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያመሰግን ነበር አሉ። ላቀች በሩ ጥላ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ አንድ ሰው ከታክሲ ወረደ። ከፊት ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ትከሻው ጎበጥ ብሏል። አረማመዱን ስታይ ባሏ መሰላት። ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ደረሰባት።

አልጮኹም፤ አልተላቀሱም። ብዙ ሰው እንደዚያ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ እሷ ግን እንደዚያ አልነበረም አለችኝ። አቀፈችው፤ ናፍታ ናፍታ ይሸታል። ከዚያ እጇ በለመደው ሄደ፤ ክንዱን ይዛ አገላብጣ አየች፣ መዳፉን አየች፣ ከጆሮው ሥር ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ነካች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የእንፋሎት ቧንቧ ነው። ድሮ ነው፤ ድኗል።»

«አልነገርከኝም።»

«ምን ታደርጊ ነበር እማዬ?»

አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተው ሩዝና የተጠበሰ ሙዝ በሉ። እንደሚባለው ሆዳቸውን የሞላውን ወሬ ሁሉ አልተናገሩም። ስለ ሶልያና ጠየቀ። ስለ ሥራዋ ጠየቀ። እሷ ስለ ምግባቸው ጠየቀች። ሁለት ሌሊት ጄኔሬተር ሲጠግን አልተኛም፤ ዐይኑ ደም መስሏል። በየመሐሉ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ወደ ሣር ሜዳው ሄዱ፤ ቁጭ የሚሉበት ቦታ ሌላ አልታወቃትም። ጃኬቱን በፌስታል ይዛው ነበር። አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

የአብሥራ ጃኬቱን አየ፤ ፀሐዩን አየ። «ይሄ የምን ነው?»

«ኮሎምበስ ገና ይበርዳል።»

ገባው። ጃኬቱን አጣጥፎ ሣሩ ላይ አኖረው።

«ማን ነው እንደዚህ ያለሽ?»

«ማንም ይበል። ነገ ጠዋት አብረኸኝ ብትሳፈር…»

«እማዬ፣ ፓስፖርቴ ካፒቴኑ ጋ ነው።»

«ወረቀት ሁሉ በኋላ ይስተካከላል ይላሉ።»

«አይስተካከልም። ይስተካከላል ብንል እንኳ፣ መርከቡ ላይ ከእኔ ትምህርት ቤት የመጡ ሦስት ልጆች አሉ። እኔ ከጠፋሁ ካፒቴኑ እነሱን ወደ ከተማ አያወጣቸውም። ኩባንያው ከዚህ በኋላ አንድም ሐበሻ አይቀጥርም። ልጆቹን እኔ ነኝ ያስገባኋቸው።» ሣሩን እየነጨ ቆየ። «ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአካል ልንገርሽ ብዬ ነው። አግብቻለሁ።»

ላቀች መጀመሪያ የሰማችውን ነገር አላመነችም።

«ማንን?»

«ሔርሞን ትባላለች። ባሕር ዳር ናት፤ ነርስ ናት። ስድስት ወሯ ነው።»

«ምን ስድስት ወሯ?»

«ነፍሰ ጡር ናት፣ እማዬ።»

ያኔ ከላቀች አፍ የወጣው ነገር እስካሁን ያሳፍራታል። እንኳን ደስ አለህ አይደለም። «ካገባህ ፋይሉ እንደሚዘጋ ታውቃለህ?» ነው ያለችው።

«አውቃለሁ።»

«ያላገባ ልጅ ብዬ ነው የከፈትኩልህ! ዘጠኝ ዓመት፣ የአብዬ! ቅዳሜ እንኳ አርፌ አላውቅም። ክፍልህን…»

«እኔም እኮ ዘጠኝ ዓመት ነው የጠበቅሁት» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ሔርሞን አራቱን አብራኝ ጠብቃለች። ቤተሰቦቿ ምን ሆነሽ ነው የማታገቢው ሲሏት፣ የእናቱ ወረቀት እስኪያልቅ ብላ መመለስ ሰለቻት። እኔም ሰለቸኝ። ደከመን፣ እማዬ።»

ላቀች ይህን ቃል ታውቀዋለች። ሌላ ምክንያት ቢሰጣት ትከራከረው ነበር፤ ለዚህ ግን ክርክር አልነበራትም። ባሕሩን ማየት ጀመረች። የአብሥራ ጃኬቱን አጣጥፎ ከራሱ ሥር አደረገና ሣሩ ላይ ጋደም አለ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርከብ ላይ መሆን አለብኝ» አላት። «ትንሽ ዐይኔን ልክደን። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ቀስቅሺኝ።» ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠላትና ሌላም ነገር ሊናገር ጀመረ፤ «ሔርሞን እኮ አንቺን…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደው።

እንግዲህ ላቀች ደጋግማ የነገረችኝ ይሄን ነው። ተኝቷል። ካይቶቹ ከላይ ይውለበለባሉ፤ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ ምንም ነገር አይቀሰቅሰውም። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነው። እሷ ካልነካችው እስኪመሽ ይተኛል። መርከቡ ይነሣል። ልጇ እዚያው ሣር ላይ፣ አጠገቧ ይቀራል።

«አየሽ፣ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም ነበር» አለችኝ። «መለመን የለብኝ፤ መጎተት የለብኝ። ዝም ማለት ብቻ ነው። እኔም ተኛሁ ማለት እችላለሁ። ደግሞ ማን አያምነኝም? የትም ቦታ የምተኛ ሰው ነኝ።»

የተሰበረ ጃንጥላዋን ይዛ ስላልመጣች በስስ ሹራቧ ፊቱን ከፀሐይ ጋረደችለት። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። አሥር ሰዓት ደረሰ። አልቀሰቀሰችውም። ጥቂት ልጨምርለት አለች በልቧ፤ ከዚያ ደግሞ ጥቂት። የጋሼ ዘውዱ ድምፅ ይመጣባታል። የትርፉ ክፍል አልጋ ይታያታል። ጸለይሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አልጸለየችም። «ጌታ ቀስቅሺው ቢለኝስ ብዬ ፈርቼ ነው» አለች።

ያሰበችው ስለ ሥራዋ ነው። አፐር አርሊንግተን የምታገላብጣቸው ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ ጊዜ ሙሉ ሰው ነበሩ፤ ዳኛ የነበረ አለ፣ አውሮፕላን ያበረረ አለ። አሁን መቼ እንደሚተኙ፣ መቼ እንደሚነሡ፣ በየትኛው ጎናቸው እንደሚሆኑ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። የሚጠይቃቸው የለም። አንዳንዶቹ እጇን ይዘው በዐይናቸው ይማጸኗታል፤ ምን እንደሚሉ ግን አታውቅም። ልጇን አየችው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሚስት ያለው፣ የስንት ሰው ሕይወት የሚሸከም ሞተር የሚጠብቅ ሰው ነው። «እሱንም እንደነሱ ላገላብጠው ነው?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ያንን ማድረግ ስትችል አልቻለችም።

ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። አልነቃም። «የአብሥራ! ተነሥ! መርከብህ!» ብላ ጮኸች፤ አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩዋት።

ብድግ አለ። ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። አሥር ሰዓት ካለፈ ብዙ ቆይቷል። ገባው፤ ግን አንድም ነገር አልጠየቃትም። ጉንጯን ሳማት፤ ጃኬቱን ብድግ አደረገ። «ከዚህ ወደ ሰሜን ነው የምንሄደው፤ ይጠቅመኛል» አለና ሜዳውን እየሮጠ ቁልቁል ወረደ። ላቀች ልትከተለው ሞከረች፤ ጉልበቷ እምቢ አላት። መሐል ሜዳ ላይ ቆማ ታክሲ ሲያስቆም አየችው። ከዚያ በኋላ መልእክቱ እስኪመጣ ድረስ የነበረውን ጊዜ ልትነግረኝ አልፈለገችም። መልእክቱ አጭር ነው፤ «ደረስኩ። ተቆጡኝ፤ ግን ደረስኩ።»

መርከቡ ሲወጣ ግንቡ ላይ ሄዳ አላየችውም። ክፍሏ ገብታ ተኛች።

ኮሎምበስ ስትገባ በረዶ ይጥል ነበር። መኪና ውስጥ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ይመስላል። ሰባ አንድ ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዞን ቆምን፤ ያኔ ብቻ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። እኔም የመስታወቱን መጥረጊያ እያየሁ መንገዱ እስኪከፈት ጠበቅሁ።

እሑድ ጋሼ ዘውዱ በር ላይ ጠበቃት። «እህት ላቀች፣ ብቻሽን ነው የመጣሽው?»

«ልጄ ሥራ አለው ጋሼ ዘውዱ። ሚስትም አለችው» አለችው።

የሚከራከር መስሎኝ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀና «እንግዲያ ስሟን ንገሪኝ፤ በጸሎት እንያዛት» አላት።

ጠበቃው ጋ ሄደች። የሚጠበቀውን ነው የነገራት፤ ፋይሉ ሞቷል። ዜግነት ካወጣች ባገባ ልጅ መስመር እንደገና መክፈት ትችላለች፤ እሱ ግን ካለፈው የረዘመ ነው። አስባበት እንደምትመጣ ነግራው ወጣች። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። የቅዳሜውን የመጋዘን ሥራ ተወች። አንዳንዱ ሰው ተስፋ ቆርጣ ነው ይላል። እሷን ስጠይቃት «ቅዳሜ ቅዳሜ እተኛለሁ» ብቻ ነው ያለችኝ። ትርፉን ክፍል ሶልያና ወሰደችው፤ ግድግዳውን ሐምራዊ ቀባችው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጠዋት ቡና ልበደር ብዬ ቤቷ ስገባ ስልክ እያወራች አገኘኋት። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ መኪናዋ ውጭ እየሞቀ ነው። በእጇ ተቀመጪ አለችኝ። ከስልኩ የሚሰማው ድምፅ የወጣት ሴት ነው፤ ሔርሞን ናት፤ እያፈረች ነው የምታወራው።

«እኔ ካየሁት እኮ ሰባት ወር አልፎኛል» ትላለች። «ቪዲዮ ላይ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ። እርስዎ በቅርብ አይተውታል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከስቷል?»

ላቀች ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከስቷል» አለች። «ግን አጥንቱ ጠንካራ ነው፤ ክንዱን ይዤ አይቼዋለሁ።»

«ጆሮው ሥር ያለውስ?»

«እሱ ድኗል። ነክቼዋለሁ፤ ቆዳው ለስላሳ ነው።»

ልጅቷ ተነፈሰች። «ሌላስ?» አለች።

ላቀች ወደ ጫማዋ ጎንበስ አለች። «ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። አባቱም በዚህ ዕድሜው ነው የጀመረው፤ አትደንግጪ» አለችና ጫማዋን ማሰር እንደያዘች ወሬዋን ቀጠለች።